የመጨረሻ ዓመት ተማሪና የአካባቢው አዋቂ

ትምህርት ማለት በመጽሐፍ የተጻፈውን በቃል ይዞ መመለስ ብቻ እንዳይደለ፤ ዕውቀት በሥራ ተፈትኖ አገርን ሲጠቅም ፍሬ አፈራ እንደሚባል የታወቀ ነው። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚፈጽም ተማሪ ሁሉ ከመሰናበቱ በፊት ለተወለደበት ምድር የሚጠቅም አንድ ሥራ በአካባቢው አዋቂ እየተመራ እንዲፈጽም ማድረግ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተነግሯል። ነገር ግን መትከል የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን ማጽደቅ የዓመታት ሥራ ነው። ችግኝ በብዛት የሚጠፋው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ምድሩ ሲደርቅና መስኩ ለከብት ሲለቀቅ ነው። የተተከለውን የሚቈጥር ብዙ ነው፤ የጸደቀውን የሚቈጥር ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ይህን ቈጠራ ለተማሮች መስጠት ይቻላል። አራት ወይም አምስት ተማሮች 11ኛ ክፍልን እንደ ፈጸሙ በክረምት አንድ የተወሰነ ቦታ ይረከቡ፤ የችግኙን ዓይነት ጽድ፣ ወይራ ወይም ዋንዛ ብለው በስሙ ለይተው ይመዝግቡ፤ በታኅሣሥና በሚያዝያም ተመልሰው የጸደቀውንና የደረቀውን፣ የደረቀበትንም ምክንያት ይጻፉ። መዝገቡም ለሚቀጥለው ዓመት ተማሮች ይተላለፍ።

በዚህ ሥራ መምህሩ ስሌቱንና አጻጻፉን ያስተምራል፤ የአፈሩንና የዛፉን ጠባይ ግን ከአካባቢው አዋቂ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን ገበሬዎች በየትውልዱ ድንጋይ በድንጋይ እየደረቡ ያቆሙት ነው። በደቡብ ጎንደር የቀሩት የአገር በቀል ዛፎችም አብዛኞቹ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የተጠበቁ ናቸው። በጣና ሐይቅም እንቦጭ የተባለው አረም በነፋስ ወዴት እንደሚነዳ ዓሣ አጥማጁ በየዕለቱ ያየዋል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የምስክር ወረቀት የላቸውም፤ ዕውቀታቸው ግን ካልተጻፈ ከእነርሱ ጋራ ወደ መቃብር ይወርዳል።

አንዳንድ ወላጆች ይህ ሥራ ልጆቻችንን ከፈተና ጥናት ያስተጓጕላል ሊሉ ይችላሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተፈተኑት መካከል አምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ስለ ነበሩ ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ያ ውጤት የተገኘው ተማሮች ችግኝ ሲቈጥሩ ስለ ዋሉ አይደለም። በዓመት ሦስት ጊዜ ወደ መስክ መውጣት ብዙ ቀን አይወስድም፤ ከመቶ ስንቱ እንደ ጸደቀ በእጁ ያሰላ ልጅም ሒሳብንና ሥነ ሕይወትን ከሸመደደው ይልቅ አጥብቆ ይይዛቸዋል።

ይልቁንስ የሚያሠጋው ሌላ ነው። ችግኙ የደረቀበት ተማሪ ነጥብ የሚቀነስበት ከሆነ፣ የደረቀውን ጸደቀ ብሎ መጻፍን ይማራል፤ ይህም ከዛፉ መድረቅ የከፋ ጥፋት ነው። ስለዚህ ነጥቡ ለእውነተኛ ቈጠራና ምክንያቱን መርምሮ ለማግኘት ይሰጥ እንጂ ለቍጥሩ ብዛት አይሁን። አዋቂውም ስሙ ለወግ ብቻ እንዳይጻፍ፣ በቦታው ተገኝቶ ስለ ተማሪው ሥራ በቃሉ ይመስክር፤ ቃሉም ከመምህሩ ነጥብ ጋራ ይቈጠር፤ ለደከመበትም ጊዜ ተገቢው ክብርና ካሣ አይጓደልበት።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚል ተረት አለ። ነገር ግን ልጁ እንዲያቦካ ካልተፈቀደለት፣ አጠገቡም ቆሞ የሚያሳየው ትልቅ ሰው ከሌለ፣ ነገ እንጀራውን ማን ይጋግረዋል? እንግዲህ የትምህርት ባለሥልጣኖች ደንቡን ቢያዘጋጁ፣ ወላጆች ቢፈቅዱ፣ የአገር ሽማግሌዎችም በየመንደራቸው ልጆቹን ቢቀበሉ፣ አገሪቱ የተማረውንም የጸደቀውንም በአንድነት ለመቈጠር ትበቃለች።