ሴንሰሩ ይቅደም፣ ፓምፑ ይደርሳል

ለስኳር ሕመምተኛ እስከ ዛሬ ከተሠሩት መሣሪያዎች ሁሉ እጅግ ረቂቁ ሁለት ነገሮችን ያጣመረው ነው። አንደኛው ክንድ ወይም ሆድ ላይ የሚለጠፍ፣ ከሳንቲም እምብዛም የማይበልጥ ሴንሰር ነው። ከቆዳ ሥር የምትገባ ቀጭን ክር አለችው፤ በእሷ አማካይነት የስኳሩን መጠን በየ5 ደቂቃው ያነባል። ሁለተኛው ኪስ ውስጥ ወይም ወገብ ላይ የሚያዝ ፓምፕ ሲሆን ኢንሱሊኑን በቀጭን ቱቦ ጥቂት በጥቂት ያስገባል። ስኳሩ መውረድ ሲጀምር ፓምፑ መጠኑን ይቀንሳል፣ ሲብስም ጨርሶ ያቆማል፤ መውጣት ሲጀምር ደግሞ ይጨምራል። ሰውየው ከምግብ በፊት ምን ያህል እንደሚበላ ራሱ መንገር አለበት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቢተኛም መሣሪያው ሥራውን አያቋርጥም።

የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያ መሣሪያ፣ የሜድትሮኒክ ኩባንያ 670ጂ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ዓይነት አንድ ስኳር ላለባቸው ዜጎቹ በመንግሥት ወጪ ማዳረስ ጀምሯል። የሌሊት የስኳር መውረድ ያስፈራቸው የነበሩ እናቶች ልጃቸውን በየሁለት ሰዓቱ መቀስቀስ የተዉት በዚህ መሣሪያ ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ ላሳንሰው አልፈልግም።

የደባይ ጥላትግን ወረዳ ከተማ በሆነችው በቁይ ስለዚህ መሣሪያ ሲነሳ ሁለት መልሶች ይቀድማሉ። አንዱ «ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ እኛ ገና ኢንሱሊኑንም በቅጡ አላገኘን» ይላል። ሌላው «ለእኛስ ለምን አይመጣም? የእኛ ልጅ ከእንግሊዙ ልጅ በምን ያንሳል?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ሁለቱም ግን መሣሪያውን እንደ አንድ ዕቃ ስለሚያዩት ይስታሉ። ሴንሰሩና ፓምፑ ሊለያዩ ይችላሉ። ለጎጃም ደጋ፣ እንደ ቁይ ላለ ቦታ፣ ሴንሰሩ አሁኑኑ ሊመጣ የሚገባው ነው፤ ፓምፑ ግን መንገዱ፣ መድኃኒቱና ባለሙያው እስኪደላደል መቆየት አለበት። ምክንያቴን ላስረዳ።

በኅዳር፣ ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን ያለ አንድ ገበሬ እናስብ። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደፍረስ ያለውን ኢንሱሊን፣ ኤንፒኤች የሚባለውን፣ ብልቃጡን በመዳፎቹ መካከል አንከባልሎ 24 ዩኒት ይወጋል። ቁርሱን ቀማምሶ ወደ ማሳ ይወርዳል። ይህ ኢንሱሊን ጉልበቱ የሚበረታው ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ልክ ፀሐይዋ ስትከር፣ ሰውየውም ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ ማለት ነው። ምሳው ከቤት እስኪመጣ ይዘገያል። ሰውየውን ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል። ጠላ ቀምሶ ከሆነ ሰከረ ይባላል፤ ካልቀመሰ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠረጠርና ጠበል ይወሰዳል። ያወቀ ሰው ካለ ስኳር በውኃ በጥብጦ ያጠጣውና ነፍሱ ይመለሳል።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንንም ሳያማክር መርፌውን ይቀንሳል። 24 የነበረው 14 ይሆናል። በወሩ ለቀጠሮ ሲመጣ ቁርስ ሳይበላ ይለካና 260 ይወጣል። ነርሷ ካርዱን ታያለች፣ ቁጥሩን ታያለች፣ «መጠኑ አልበቃህም» ብላ ወደ 28 ከፍ ታደርግለታለች። ያሳለፈውን አይነግራትም፤ ትቆጣኛለች ብሎ ይፈራል፣ አለዚያም ማሳው ላይ የሆነው ነገር ከመርፌው ጋር እንደሚገናኝ አያውቅም። ነርሷን መውቀስ ግፍ ነው። በእጇ ያለው የአንድ ማለዳ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ጨምሪ ይላል። የታዘዘለትን አክብሮ 28 ከወጋ ግን ቀጣዩ ቀትር ከቀደመው ይከፋል።

ያ ገበሬ ለሁለት ሳምንት ሴንሰር ቢለጠፍለት ኖሮስ? በቀን 288 ንባብ፣ በ14 ቀን ከ4,000 በላይ ንባብ ይገኝ ነበር። በወር አንድ ጊዜ የሚለካ ሰው በዓመት የሚያገኘው 12 ነው። የብዛቱ ነገር ብቻ አይደለም። ነርሷ በስክሪኑ ላይ መስመሩ ከረፋዱ ጀምሮ ወደ ታች ሲያዘቀዝቅ፣ ማታ ከእራት በኋላ ደግሞ ሽቅብ ሲወጣ ታያለች። ያኔ ጥያቄዋ «ስንት ልጨምር?» መሆኑ ይቀርና «የጠዋቱን ቀንሼ የማታውን ላስተካክል?» ይሆናል። ሰውየውም ሊናገር የፈራውን መስመሩ ይናገርለታል።

የመሣሪያው ጥበብ እዚህ ላይ ነው ያለው። በልኬትና በውሳኔ መካከል ያለውን ጊዜ አሳጥሯል። ሴንሰርና ፓምፕ በተጣመሩበት ቦታ ያ ጊዜ 5 ደቂቃ ነው፤ በቁይ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች አንድ ወር ነው፣ ሐኪም የሚፈልግ ነገር ካለ ደግሞ እስከ ደብረ ማርቆስ ድረስ መንገድ ይጨመርበታል። ወሩን ወደ 5 ደቂቃ ማውረድ ዛሬ አንችልም። ወደ አንድ ሳምንት፣ ወደ ሦስት ቀን ማውረድ ግን እንችላለን።

ልኬት ሳይኖር መጠን ማክበድ እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመውና 1,441 ሰዎች የተሳተፉበት የሰሜን አሜሪካው ትልቅ ጥናት ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር የዓይን ጉዳትን በ76 በመቶ፣ የነርቭ ጉዳትን በ60 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ይህን ሁሉም ሐኪም ይጠቅሰዋል። በዚያው ጥናት አደገኛ የስኳር መውረድ በሦስት እጥፍ ገደማ መጨመሩ ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም። እነዚያ ሰዎች በቀን ቢያንስ አራት ጊዜ የሚለኩ፣ ሐኪም በቅርብ የሚከታተላቸው ነበሩ። እኛ ዘንድ አንድ ጠንቃቃ ባለሙያ የገጠር ታካሚውን ስኳር 200 አካባቢ ሲተወው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሰውየው ማሳ ላይ ወድቆ እንዳይቀር ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ዋጋውን ግን ሰውየው ከዓመታት በኋላ በዓይኑና በኩላሊቱ ይከፍላል። ከዚህ ማጥ የሚያወጣው ልኬት ነው።

ታዲያ ፓምፑ አብሮ ቢመጣ ምን ይጎዳል? ይጎዳል። ፓምፕ ውስጥ በተለምዶ የሚሞላው ፈጣኑ ኢንሱሊን ብቻ ነው፤ በሰውነት ውስጥ ቆይቶ የሚሠራ ስንቅ አይተውም። ቱቦው ቢታጠፍ፣ ባትሪው ቢያልቅ፣ መርፌው ቢነቀል፣ ዓይነት አንድ ስኳር ያለበት ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደሙ አሲድ መሆን ይጀምራል። ከቆዳ ሥር የሚገባው ቱቦ በየሁለት ሦስት ቀኑ መቀየር አለበት፤ በወር ቢያንስ አሥር ማለት ነው። አንድ ብልቃጥ ኤንፒኤች ግን 1,000 ዩኒት ይይዛል፤ በቀን 30 ዩኒት ለሚወጋ ሰው ወር ያልፈዋል፣ በእርጥብ አሸዋ መሐል በተቀመጠ ገንቦ ውስጥም ቅዝቃዜውን ጠብቆ ይቆያል።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ስጋት እንዳይመስላችሁ። በትግራይ ጦርነት ጊዜ በመቀሌ ዓይደር ሆስፒታል ኢንሱሊን አልቆ ሕሙማን ምን እንደደረሰባቸው አይተናል። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ኢንተርኔቱም ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ ኖረናል። በዚህ መሐል ሕይወቱ በየሦስት ቀኑ በሚቀየር ቱቦ ላይ የተንጠለጠለ የቁይ ልጅ ምን ይሆን ነበር? ሴንሰር ሲበላሽ የሚጠፋው መረጃ ነው፤ ሰውየው በጣት ጠብታ ደም ስኳር ወደሚለካው ስትሪፕ ይመለሳል። ፓምፕ ሲበላሽ የሚቋረጠው ራሱ ኢንሱሊኑ ነው። ሁለቱን መለየት ያለብን በዚህ ምክንያት ነው።

ሴንሰሩ የማንበቢያ መሣሪያ አብሮት ስላለ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ንባቡ እዚያው ይከማቻል፤ ታካሚው ጤና ጣቢያ ሲመጣ ይታያል። ለዘወትር መለጠፍም ግድ አይደለም። ማንበቢያው ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፣ ለእያንዳንዱ የሚለየው ለሁለት ሳምንት የሚለጠፈው ሴንሰር ብቻ ነው።

ለዚህ ደግሞ የራሳችን ቀዳሚ አለን። በጎንደር ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የስኳር ክትትልን ከሆስፒታሉ አውጥተው በነርሶች እየተመራ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እንዲወርድ አድርገዋል። ቀን ሙሉ ተጉዞ ቀጠሮውን ይተው የነበረ ታካሚ በቅርብ መታየት ቻለ። የመሣሪያ ተአምር አልነበረበትም፤ ውሳኔውን ወደ ታካሚው አቀረቡት። እኔ የምለው በዚያ መንገድ ላይ አንድ እርምጃ መጨመር ነው፤ ውሳኔውን ያቀረብነውን ያህል ልኬቱንም እናቅርበው።

ከዚያው ከጎንደርና ከጅማ የተገኘ ሌላ ትምህርትም አለ። እነዚሁ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን በብዛት ቀጫጭን፣ ድሃ፣ ወንድና ወጣት ጎልማሳ መሆናቸውን አሳይተው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ዓይነት እንደገና ይታይ ብለው ጠየቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1999 ከምደባው አውጥቶት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባንኮክ ባደረገው ጉባኤ «ዓይነት አምስት» ብሎ እውቅና ሰጠው። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ኢንሱሊን ቶሎ ይሠራበታል፤ የሚበላው ከሌለ ትንሹም መጠን ይጥለዋል። ሌላ አገር፣ ሌላ ሰውነት ላይ የተሠራን የመጠን ስሌት እንዳለ ከመገልበጥ በፊት የእኛ ገበሬ ስኳር በቀንና በሌሊት እንዴት እንደሚሄድ ማየት ይገባናል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ይህን ለማጥናት ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው።

ጾሙንም እናንሳ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ትፈቅዳለች፤ ያም ሆኖ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ የሚውል ስኳር ሕመምተኛ በጎጃም ሞልቷል። «አትጹም» ብሎ መናገር ብቻ ሲሠራ አላየሁም። ሰውየው እሺ ብሎ ይሄዳል፣ ይጾማል፣ አንዳንዱም መርፌውን ጨርሶ ይተዋል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። በጾሙ መግቢያ ሴንሰር የተለጠፈለት ሰው ግን የራሱን ቀን በዓይኑ ያየዋል። ስድስት ሰዓት ላይ 60 የገባበትን መስመር ለንስሐ አባቱ ቢያሳያቸው እሳቸውም ለመምከር ይመቻቸዋል። መጾም ለሚችለው ደግሞ ነርሷ የመርፌውን ሰዓትና መጠን ታዛውርለታለች።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አንድ ሴንሰር በውጭ ገበያ 50 ዶላርና ከዚያ በላይ ያወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ ይህ በብር ሲመታ ለገበሬ ቀርቶ ለመንግሥት ሠራተኛም ከባድ ነው። ስለዚህ ለሁሉም ይሁን አልልም። ራሳቸውን ስተው ለሚያውቁ፣ ኢንሱሊን ለሚወስዱ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች፣ ስኳራቸው ያለ ምክንያት ለሚዋዥቅ በዓመት አንድ ሁለቴ ይሁን። ከዚያ በታች ደግሞ ሳይቆራረጥ መኖር ያለበት የግሉኮሜትር ስትሪፕ ነው። ስትሪፕ በሌለበት ጤና ጣቢያ ሴንሰር ማምጣት ለአንድ ሰሞን ፎቶ ከመነሳት አያልፍም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ እኔንም ሲያሳስበኝ የኖረ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲመጣ ለአፍሪካ ድሃ አይሆንም፣ ሰዓቱን ጠብቆ አይወስድም ተብሎ ነበር። በዚያ ሰበብ መድኃኒቱ የዘገየባቸው ሰዎች ሞተዋል። ዛሬ ፓምፑ ይቆይ ማለት ያንኑ መድገም አይሆንም? መልሴ፣ ያኔ የተባለው ስለ ሰዎቻችን ነው፣ ሐሰትም ነበር። እኔ የምናገረው ስለ አቅርቦቱ ነው። በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል የጀመረው የኤችአይቪ መድኃኒት ሕይወት ያተረፈው እስከ ጤና ጣቢያ ድረስ ሳይቋረጥ ስለወረደና ነርሶች ስለሠለጠኑበት ነው። ለፓምፑም ያንኑ እንሥራለት። ፈጣኑ ኢንሱሊን በመንግሥት መድኃኒት ቤት ሳይቋረጥ ሲገኝ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ የሠለጠነ ባለሙያ ሲኖር፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ፓምፑን የሚከለክል ምክንያት አይኖረኝም። በሴንሰር የሠለጠነች ነርስ ደግሞ ያን ቀን ግማሹን ሥራ ጨርሳ ትጠብቃለች።

እስከዚያው ለክልሉ ጤና ቢሮና ለደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ በጥቂት ማንበቢያዎችና ሴንሰሮች በምሥራቅ ጎጃም ጤና ጣቢያዎች ሙከራው ይጀመር፣ ስትሪፕም አብሮ ይሟላ። በውጭ አገር የምትኖሩ የአካባቢው ልጆች ለታመመ ዘመዳችሁ ፓምፕ ልትልኩ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ለሚከታተለው ባለሙያ ደውሉ፤ በዚያው ገንዘብ ለብዙ ዓመት የሚበቃ ስትሪፕና ለክፉ ሰሞን የሚሆን ሴንሰር ብትልኩለት ይሻለዋል።