በአንድ ጨረታ የሚፎካከሩ፣ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡ

የጽዳት ሥራ ዋናው ወጪ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ጨረታው ዝቅተኛ ላቀረበ ሲሰጥ፣ ዋጋው ከማን ኪስ እንደሚቀነስ ግልጽ ነው። በማስተማር ላይ ሳለን ድርጅቱ ይቀየራል፣ የሚያጸዱት እናቶች ግን እነዚያው ነበሩ፤ የሚለወጠው ክፍያቸው ነው።

ጀርመን ውስጥ የጽዳት አሠሪዎች ማኅበር ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተደራድሮ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ይወስናል። ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ይህ ወለል አባል ያልሆነውንም ድርጅት ያስገድዳል። ለደንበኛ በሚጠይቁት ዋጋ ላይ ግን መስማማት አይችሉም፤ ያ ሕገወጥ ነው። ከወለሉ በላይ ፉክክሩ ይቀጥላል።

የእኛም አዋጅ 1156/2011 አሠሪዎች ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል፤ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሚወስን ቦርድም ይናገራል። ቦርዱን ከመጠበቅ፣ ድርጅቶቹ የጨረታ ሰነድ ላይ የደመወዝ ወለል እንዲገባ በጋራ ቢጠይቁ እንመርጣለን። ለብቻው የጠየቀማ ጨረታውን ያጣል።