ፔዳል ስንመርጥ ጫማችንን እንይ

ሐዋሳ የሳይክል ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። መሬቷ ሜዳ ነው፣ አቀበት ፍለጋ ካልወጡ በስተቀር ጉልበት የሚፈትን ነገር የለም። ለተማሪ ኪስ ደግሞ ሳይክል ማለት በየቀኑ የባጃጅ ሂሳብ የማይጠይቅ ታማኝ ጓደኛ ነው። ከመሃል ከተማ ወጣ ብለን ሐይቁን ተጠግቶ ወደሚገኘው ቡሹሎ ስንሄድማ ጥቅሙ ይበልጥ ይታያል። ተማሪው በሳይክል፣ ሠራተኛው በሳይክል፣ ዕቃ የጫነውም በሳይክል ነው።

ውድ አንባብያን፣ ሳይክል ሊገዛ የመጣን ሰው ጥያቄ እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙ። ስንት ማርሽ አለው? ፍሬኑ ዲስክ ነው? ቀለሙ ሌላ የለም? ስለ ፔዳሉ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። በምን ጫማ እንደሚነዳ የሚያስብማ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቀላል። ለመሆኑ ሰውና ሳይክል የሚገናኙት በስንት ቦታ ነው? በሦስት ብቻ ነው። እጅ መሪው ላይ፣ መቀመጫ ኮርቻው ላይ፣ እግር ፔዳሉ ላይ። ከሦስቱ ሳይክሉን የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት የሚያልፈው በእግር በኩል ነው። እኛ ግን የረሳነው እሱኑ ነው።

መርሳቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። በመንገዳችን ላይ ግማሹ የተሰበረ፣ አልፎ አልፎም ላስቲኩ ወልቆ ዘንጉ ብቻ የቀረ ፔዳል ማየት ብርቅ አይደለም። ዝናብ ሲዘንብ፣ ጫማው ጭቃ ሲይዝ፣ እንዲህ ያለ ፔዳል ሳሙና ማለት ነው። ቆመው እየነዱ እግር ካመለጠ ሰውነት ወደ ፊት ይወድቃል፣ ፔዳሉም ዞሮ ቅልጥምን ይመታል። ከኋላ አይሱዙ ወይም ባጃጅ እየመጣ ከሆነ ነገሩ ከቅልጥም ቁስል ያልፋል። የትራፊክ አደጋ ሲነገር ፍጥነት ይነሳል፣ ፍሬን ይነሳል፣ የአሽከርካሪው ጥፋት ይነሳል። የሳይክል ነጂው እግር ግን በምን ላይ ቆሞ እንደነበር የሚጠይቅ ዘገባ አላጋጠመኝም። ነገ ጋዜጠኛ ነን የምንል ሁሉ ይህን ጥያቄ ደብተራችን ላይ ብንጽፈው አይከፋም።

አንዳንድ ጓደኞቼ መፍትሔው የተወዳዳሪዎቹ ዓይነት ፔዳል ነው ይላሉ። ጫማን ቆልፎ የሚይዘውን ማለታቸው ነው። በእርግጥ ይህ ዓይነቱ ፔዳል ታሪክ ያለው ነው። ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ ካቀረበው በኋላ በ1985 በርናር ኢኖ በዚሁ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስን አሸንፏል። በ2016 በዚሁ ውድድር በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይም በዘመነ ተቆላፊ ፔዳል የሮጠ ስፖርተኛ ነው። ለሩጫው ጥሩ ነው፣ እግር አያመልጥም። ግን የራሱን ጫማ ይፈልጋል፤ የጫማው ሶል ሥር ብረት ወይም ፕላስቲክ ይታሰርበታል። በብዙዎቹ የውድድር ጫማዎች ክፍል ውስጥ መግባትም ሆነ ገበያ ዞሮ መመለስ ያስቸግራል። እግር ለማውጣት ተረከዝን ወደ ውጪ ማዞር ያስፈልጋል፤ ላልለመደው ሰው በየመንገዱ ፍየል፣ ሕፃንና ባጃጅ ድንገት በሚገባበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ለእኛ የሚሻለው ጠፍጣፋው ፔዳል ነው፤ በፈለግነው ጫማ የምንረግጠው፣ በፈለግን ሰዓት እግራችንን መሬት የምናደርስበት።

ጠፍጣፋ ስል ግን ሁሉም አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ሐሳቤ አጭር ነው፦ ፔዳል መመረጥ ያለበት ሁልጊዜ በምናደርገው ጫማ ልክ ነው።

ሰንደል ወይም ስስ ሸራ ጫማ የሚያዘወትር ሰው በትልልቆቹ የድሮ ሳይክሎች ላይ የምናውቀውን ባለ ላስቲክ ፔዳል ቢይዝ ይሻለዋል። ላስቲኩ እግርን አይወጋም፣ ጫማም አይበላም። ችግሩ እየተላገ ሲመጣ በዝናብ ማንሸራተቱ ነው፤ ስለዚህ ሽንትሩ ሲጠፋ መቀየር አለበት። ጥቃቅን የብረት ጥርሶች ያሉት ሰፊ የአሉሚኒየም ፔዳል ደግሞ ጠንካራ ሶል ላለው ስኒከር ነው። ጫማውን ነክሶ ይይዛል፣ በጭቃም አይለቅም። በነጠላ ጫማ ከተረገጠ ግን ውስጥ እግርን ያሳምማል፣ ካመለጠም ቅልጥምን ይቀዳል። ከአብዛኛው ርካሽ ሳይክል ጋር የሚመጣው ፕላስቲኩ መካከለኛ ነው። ቀላል ነው፣ ዋጋውም አይከብድም፣ ሲወድቅ ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። የትኛውም ቢሆን የእግራችንን ስፋት የሚችል፣ ከፊትና ከኋላው ብርሃን የሚመልስ አንጸባራቂ ያለው ቢሆን መልካም ነው። ማታ ከፍ ዝቅ የሚል ብልጭታ ያየ ሾፌር ከፊቱ ሳይክል እንዳለ ቶሎ ይገባዋል።

ወደ ጫማው እንምጣ። ለጠፍጣፋ ፔዳል የሚሆን ጫማ ሶሉ ሜዳ የሆነ፣ የማይልመጠመጥ፣ ከታች ጎማ የሆነ ነው። ሶሉ በጣም ከለሰለሰ ፔዳሉ ውስጥ እግር ድረስ ይሰማል፣ ረጅም መንገድ ላይ እግር ያቃጥላል። ታኮ ያለው ጫማ ሚዛን ያሳጣል፤ ለስላሳ የቆዳ ሶልም እርጥብ ፔዳል ላይ ይንሸራተታል። ነጠላ ጫማ ተረከዝን ስለማይዝ ከሁሉ የባሰ ነው። እግር ፔዳሉ ላይ ሲያርፍ ከጣቶቹ ሥር ያለው ሰፊው ክፍል ዘንጉ አካባቢ መሆን አለበት፤ በተረከዝ መርገጥ ጉልበት ያባክናል። ማሰሪያውን ጫማ ውስጥ መክተት፣ የሱሪን ጫፍም ከካቴናው ማራቅ አይረሳ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ እኔም ትክክል ነው እላለሁ። ያለችውን አንድ ጫማ ለክፍልም፣ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለመስጊድም፣ ለሳይክልም የሚያደርግ ሰው ሞልቷል። እሱን የሳይክል ጫማ ግዛ ማለት ቀልድ ይሆናል። ለዚህም ነው ነገሩን ከጫማው ሳይሆን ከፔዳሉ የምጀምረው። ጫማ የአንድ ሰው ነው፤ ፔዳል ግን በሳይክሉ የሚሄዱትን ወንድም፣ እህትና ጎረቤት ሁሉ ያገለግላል። ጫማውን መቀየር ያልቻለ ፔዳሉን ከጫማው ጋር ያስማማ።

መቀየሩም ከባድ ሥራ አይደለም። ለብዙዎቹ ፔዳሎች ቁጥር 15 ቁልፍ ይበቃል። ግራና ቀኝ ግን አይለዋወጡም፤ የቀኙ እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ የግራው በተቃራኒው ነው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት ያስገቡት ሰዎች ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ ጥርስ ይጨርሱታል፣ ያኔ ወጪው እጥፍ ነው። መጀመሪያ በእጅ ማስገባት፣ ቀለል ብሎ ካልገባ ማቆም ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ለማሳሰብ ያህል፣ ሳይክል የሚያከራዩ ወገኖቻችን አየር ሞልተውና ፍሬን ፈትሸው እንደሚሰጡ ሁሉ ፔዳሉንም ቢያዩልን ደስ ይለናል። ተከራዩም የተሰበረ ፔዳል ያለውን ሳይክል አልወስድም ይበል፤ ገንዘቡን እየከፈለ አይደል? ክረምቱ ሳይገባ ሁላችንም ጎንበስ ብለን እግራችን ሥር ያለውን ብንመለከት ትልቅ ነገር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ቸር ይግጠመን።