ደረቁ መረሬ፣ አሮጌው ትራክተርና ያልተለካው ጥልቀት

የመኸሩ አዝመራ ታጭዶ በሚከመርበት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የበጋ መስኖ ስንዴ የሚያለማ አርሶ አደር ከአንድ ሩጫ ወደ ሌላ ሩጫ ይሸጋገራል። ሰማዩ ጠርቷል፤ ፀሐዩና ነፋሱ በማሳው የቀረውን እርጥበት ቀን በቀን ያሟጥጡታል። በሬዎቹ ለውቂያ አውድማ ላይ ይፈለጋሉ። ስንዴው ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ዘግይቶ ከተዘራ ፍሬ በሚሞላበት ጊዜ ከበልጉ ወራት ሙቀት ጋር ይገናኛል፣ ምርቱም ይቀንሳል። በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቱን ወደ ትራክተር ኪራይ ያዞራል። ወደ ማሳው የሚገባው ማሽን ግን ሁልጊዜ አዲስ አይደለም፤ አንዳንዴ ከሚነዳው ሰው ይልቅ በዕድሜ የሚበልጥ ነው።

ችግሩ ከአፈሩ ይጀምራል። በሀገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት በጥቁር ሸክላማ አፈር የተሸፈነ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚገኘው በደጋውና በወይና ደጋው ነው። አንዳንዱ መረሬ፣ ሌላው ዋልካ ይለዋል። ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ከእግርና ከማረሻ ጋር ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ ክንድ እስከሚያስገባ ይሰነጠቃል። በጭቃነቱና በድንጋይነቱ መካከል ለእርሻ የሚመቸው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በበሬ የሚጎተተው ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ በድግሩ ወደ ጎንና ጎን ይገፋል እንጂ አይገለብጥም፤ በትልምና በትልም መካከል ያልታረሰ ስለሚቀር ገበሬው ደጋግሞ፣ አቅጣጫ እየቀየረ ለማረስ ይገደዳል። ደረቅ መረሬን ለመገመስ ደግሞ የአንድ ጥማድ በሬ ጉልበት ብዙውን ጊዜ አይበቃም።

አሮጌዎቹ ትራክተሮች ከየት መጡ? በ1960 ዓ.ም መባቻ በስዊድን ድጋፍ በተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት አካባቢ ትራክተር ሲስፋፋ፣ ባለመሬቶች ማሽን እያስገቡ ጭሰኞችን ከእርሻቸው ማፈናቀላቸው የታወቀ ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ታላላቆቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት እጅ ገቡ፤ የሶቪየቱ ቤላሩስም በመንግሥት እርሻዎች ገነነ፤ በናዝሬቱ ፋብሪካም ይገጣጠም ነበር። ከእነርሱ ጎን ማሲ ፈርጉሰን አለ። እነዚህ ማሽኖች እስከ ዛሬ የቆዩት ስለተወደዱ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሮኒክስ የላቸውም፤ መካኒክ በመፍቻና በብየዳ የሚደርስባቸው፣ መለዋወጫቸው ከአንዱ ሬሳ ወደ ሌላው የሚሸጋገር ናቸው። በዚህ ረገድ ኮምፒዩተር ከተሸከመው አዲስ ትራክተር ይልቅ ለወረዳ ከተማ የሚመቹበት ጊዜ አለ።

ሆኖም በደረቅ መሬት ላይ ድካማቸው ይገለጣል። ባለ ዲስክ ማረሻ ወደ መሬት የሚገባው በዋነኛነት በራሱ ክብደት ነው፤ ስለዚህ ጠርዙ የደነዘ ዲስክ ደረቅ መረሬን ይልሰዋል እንጂ አይቆርጠውም። ዲስኩን ቀና አድርጎ ማሠር፣ በማረሻው ላይ ክብደት መጨመር ይረዳል፤ ጠርዙን ሳያስል ግን ትርፉ ትንሽ ነው። ሁለተኛው ድካም ጎማው ነው። ጥርሱ ያለቀ የኋላ ጎማ ባለበት ይሽከረከራል። ጎማው 100 ሜትር የሚያስኬድ ዙር ዞሮ ትራክተሩ 85 ሜትር ቢጓዝ የሚጠበቅ ነው፤ 70 ሜትር ብቻ ከተጓዘ ግን ናፍጣው የሚቃጠለው አፈር ለመፋቅ ነው። ብዙ ነባር ኦፕሬተሮች ጎማው ውስጥ ውኃ የሚሞሉት ለዚሁ ሲሉ ነው። ሦስተኛው ሃይድሮሊኩ ነው። መጎተቱ ሲከብድ ማረሻውን ጥቂት አንሥቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ጎማ የሚያሸጋግረው ሥርዓት ፓምፑ ሲያረጅ ይዘገያል፤ ሾፌሩም በእጁ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ማሳው አንዱ ጋ ጠልቆ ሌላው ጋ ተጭሮ ይቀራል።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋው ነው። የተቸከለ ዕቃን ለማላቀቅ ሰንሰለትን ከኋላ ዘንግ በላይ ማሰር ትራክተሩን አፍንጫውን አስነሥቶ በሾፌሩ ላይ ይገለብጠዋል። ነባሮቹ ሞዴሎች በአብዛኛው የመገልበጥ መከላከያ ብረት የላቸውም። ሰንሰለት የሚታሰረው ዝቅ ባለው መጎተቻ ላይ ብቻ ነው።

የገንዘቡ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ጋር ተያይዟል። ኪራይ በተለምዶ የሚቆረጠው በሄክታር ወይም በጥማድ ነው፤ ስለ ጥልቀት የሚነጋገር ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ውል ለሚቸኩል ሾፌር ያደላል፤ ማረሻውን ከፍ አድርጎ በፍጥነት ያለፈ ተመሳሳይ ገንዘብ ያገኛል፣ ናፍጣም ይቆጥባል። ገበሬው በበኩሉ ጓል የሞላበትን ማሳ ለማለስለስ ዳግም በሬ ይጠምዳል፤ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ባለ ትራክተሩንም መውቀስ ብቻ ፍትሕ አይደለም። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ወጪው ንሯል፤ ደረቅ መሬት ዲስክ፣ ኩሽኔታና ፍሪሲዮን ይበላል። ስለዚህ ለጥልቅ እርሻ ከፍ ያለ፣ ለጭረት ዝቅ ያለ ዋጋ ቢቆረጥ ለሁለቱም ይበጃል። መለኪያው ቀላል ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት ያለው እንጨት ይዞ በየጥቂት ሜትሩ መውጋት ይበቃል። ሥራው ሳይጠናቀቅ መለካት ግን ግድ ነው።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም የእርሻ ማሽኖች ያለ ቀረጥና ግብር እንዲገቡ መወሰኑ በር የከፈተ እርምጃ ነው። በእኔ እይታ የጎደለው ከበሩ ወዲህ ያለው ነው። አንድ ዩኒየን በአንድ አዲስ ትራክተር ዋጋ ብዙ ስል ዲስክ፣ ጎማና የሃይድሮሊክ ፓምፕ አቅርቦ ቆመው የዛጉ ማሽኖችን ወደ ሥራ ሊመልስ ይችላል፤ ለኦፕሬተርም ሥልጠና ይተርፈዋል። በኩታገጠም የተደራጀ ማሳም ዋጋ ይቀንሳል፤ በአጭር ማሳ ላይ ትራክተር ከሚያርሰው ይልቅ ሲዞር የሚያጠፋው ጊዜ ብዙ ነውና።

የመስኖ ገበሬ ደግሞ ዝናብ ጠባቂው የሌለው አንድ ዕድል አለው፤ ውኃው በእጁ ነው። ማሳውን ከእርሻ በፊት አንድ ጊዜ አጠጥቶ እስኪጠነፍፍ መጠበቅ ድንጋዩን መሬት ወደ አፈርነት ይመልሰዋል። መድረሱን ለማወቅ ከማረሻው ጥልቀት አፈር አውጥቶ መጨበጥ ነው፤ ተድበልብሎ ከተጣበቀ ገና ነው፣ ተድበልብሎ በጣት ሲነካ ከፈረሰ ትራክተሩ ይግባ። ችግሩ የውኃ ተራውና የትራክተር ወረፋው የተለያዩ መዝገቦች ላይ መሆናቸው ነው። የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበርና የቀበሌው ግብርና ባለሙያ ከመኸር አጨዳ በፊት ቁጭ ብለው ሁለቱን በአንድ መርሐ ግብር ካላስተሳሰሩ፣ ውኃ የደረሰው ማሳ ትራክተር ሲጠብቅ መልሶ ይደርቃል።