ክብረ ወሰኑ ከባሕር ጠለል ይለካል፤ አደጋው መሬት ላይ ይጠብቃል

ከአምቦ ወደ ወንጪ የሚወስደውን ዳገት ጨርሶ ከገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው፣ ሐይቁን ቁልቁል ሲመለከት ሁለት ስሜት በአንድ ጊዜ ይሰማዋል፤ ወደ ኋላ የሚጎትት ፍርሃትና ወደ ፊት የሚገፋ ጉጉት። ባለፈው ዓመት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በዚያ ስንቆም አንዱ፣ «እዚህ በፓራሹት መዝለል ቢጀመር ቱሪስቱ ይጎርፍ ነበር» አለ። በመጀመሪያ ሳቅን፤ ቀጥሎ ተከራከርን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ክርክር ፍሬ ነው። አቋሜም ይህ ነው፦ የከፍታ ዝላይ የሚከበረው በተዘለለበት ቁመት ሳይሆን ለሚቀጥለው ዘላይ በሚያወርሰው ዕውቀት ነው፤ በደጋ የምንኖር እኛ ደግሞ ይህን ዕውቀት የመዝለያ ትኬት ከመሸጣችን በፊት ልንይዘው ይገባናል።

የክብረ ወሰኑን ታሪክ በአጭሩ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1960 የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንን ጆሴፍ ኪቲንገር ከ31,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ከፊኛ ላይ ዘለለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ኦስትሪያዊው ፌሊክስ ባውምጋርትነር ከ38,969 ሜትር ዘልሎ በሰዓት ከ1,350 ኪሎ ሜትር በላይ በመውደቅ የድምፅን ፍጥነት አለፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ የኮምፒውተር ባለሙያው አላን ዩስታስ ከ41,419 ሜትር በመዝለል የከፍታውን ክብረ ወሰን ወሰደ። ከ19 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የአየሩ ግፊት እጅግ ዝቅ ስለሚል፣ በሰውነት ሙቀት መጠን ውኃ ይፈላል። በዚያ ስፍራ ዘላዩን ከሞት የሚለየው የለበሰው የግፊት ልብስ ብቻ ነው።

ጭብጨባው የማይነግረን ግን ከእያንዳንዱ ስኬት በስተጀርባ የተመዘገበ ውድቀት መኖሩን ነው። ኪቲንገር እ.ኤ.አ. በ1959 ባደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ትንሿ ማረጋጊያ ፓራሹት ያለጊዜዋ ተከፍታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ ራሱን ሳተ፤ ያዳነው በራሱ የሚከፈተው መጠባበቂያ ፓራሹት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ሶቪየታዊው ፒዮትር ዶልጎቭ ከፊኛው ሲወጣ የራስ ቁሩ መስተዋት ተሰንጥቆ ሕይወቱ አለፈ። አሜሪካዊው ኒክ ፒያንታኒዳም እ.ኤ.አ. በ1966 በሙከራ ላይ ሳለ የልብሱ ግፊት ጠፍቶ በደረሰበት ጉዳት ከወራት በኋላ ሞተ። እነዚህ ጉዳቶች ስለተመዘገቡ ለተከታዩ ትምህርት ሆኑ። ባውምጋርትነር ሲወጣ ከመሬት በሬዲዮ ይመራው የነበረው ያው አረጋዊው ኪቲንገር ነበር። ዩስታስም መሽከርከርን ለመከላከል በማረጋጊያ ፓራሹት ተጠቅሞ ወረደ። ክብረ ወሰን የአንድ ሰው ድፍረት ቢመስልም በእውነቱ የቅብብሎሽ ሥራ ነው።

በአገራችን የአቪዬሽን ታሪክም የድፍረት ሁለት መልክ ጎን ለጎን ይታያል። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ባረፈ በዓመቱ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1930፣ በትሪኒዳድ የተወለደውና በኒው ዮርክ ሰማይ ላይ በፓራሹት ዝላይ ስም ያተረፈው ሂዩበርት ጁልያን ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት በፓራሹት ዘልሎ ተመልካቹን አስደነቀ፤ የኮሎኔልነት ማዕረግም አገኘ። ይሁን እንጂ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለሚከበረው በዓለ ንግሥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን አብርሮ ከሰከሰው። እርሱ አውሮፕላኑ ሆን ተብሎ ተበላሽቷል አለ፤ ሌሎች የችሎታ ማነስ ነው አሉ። የሆነው ሆኖ አገሩን ለቅቆ እንዲወጣ ተደረገ።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ጆን ሮቢንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ደርሶ፣ በወረራው ጊዜ የኢትዮጵያን ጥቂት አውሮፕላኖች መርቶ፣ በጠላት አውሮፕላኖች መካከል መልእክት እያደረሰ በረረ። እ.ኤ.አ. በ1944 ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም እዚሁ በአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈ። ሁለቱም ደፋሮች ነበሩ፤ አደጋም ሁለቱንም አግኝቷቸዋል። ልዩነቱ አንዱ ትዝታ ሲተው ሌላው ተማሪዎችን መተዉ ነው።

አሁን ወደ ወንጪ አፋፍ ልመለስ። ወንጪ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ከታቀፉት ስፍራዎች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021ም የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ስለዚህ የአየር ላይ ስፖርት ሐሳብ ዛሬ ቀልድ ቢመስልም ነገ የሥራ ዕቅድ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ፊዚክስ የሚለው ነገር አለው። በብዙ አገሮች ተራ የስፖርት ዝላይ የሚደረገው ከመሬቱ በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአምቦ መሬት ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ነው፤ የወንጪ አፋፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ያንኑ ተራ ዝላይ በአምቦ ላይ ብናደርገው ከ6,000 ሜትር በላይ፣ በወንጪ ላይ ከ7,000 ሜትር በላይ እንሆናለን። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከግማሽ በታች ስለሆነ፣ ኦክስጅን ያልያዘ ሰው ማመዛዘን ያቅተዋል፤ ማመዛዘን እንዳቃተውም አያውቅም። ለሌላው ተራ የሆነው ለእኛ የከፍታ ዝላይ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ማረፊያው ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት፣ በ3,000 ሜትር ላይ የአየር እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው 74 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የተከፈተ ፓራሹት የሚወርድበት ፍጥነት ከእፍግታው ካሬ ሥር ጋር በተቃራኒ ስለሚለዋወጥ፣ ያው ሰው በያው ፓራሹት 16 በመቶ ያህል ፈጥኖ ያርፋል፤ ከመሬት ጋር የሚጋጭበት ኃይል ደግሞ ከሲሶ በላይ ይጨምራል። ሞቃት በሆነ የበጋ ከሰዓት በኋላ እፍግታው ከዚህም ይቀንሳል። ከባሕር ዳርቻ አገር የተቀዳ የክብደትና የመጠን ሰንጠረዥ እዚህ እግር ሊሰብር ይችላል። ከስትራቶስፌር በሰላም የተመለሰው ባውምጋርትነር እንኳ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጣልያን ውስጥ በፓራግላይደር ሲበር በደረሰ አደጋ መሞቱን እናስብ። አደጋ የቁመት ተከታይ አይደለም።

«ታዲያ ደስታውን ልትከለክለን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይደለም። የጉግስን ግልቢያ ያየ ሕዝብ የድፍረትን ደስታ ከውጭ አይማርም። ነገር ግን የጉግስ ፈረሰኛ ጋሻ ይይዛል፤ ሜዳው ይመረጣል፤ ፈረሱም ለዚያ የተገራ ነው። አደጋውን አውቆና ተዘጋጅቶ የገባ ሰው ደስታ፣ አደጋውን ሳያውቅ ከገባው ሰው ደስታ ይበልጣል እንጂ አያንስም።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲያችን ተመራማሪዎች ሦስት ሥራዎችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በወንጪና በደንዲ አፋፎች ላይ የነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ዓመት፣ በክረምትም በበጋም፣ ይለካ፤ በገደል ዳር ነፋስ ቀን ወደ ላይ፣ ሌሊት ወደ ታች እንደሚነፍስ እናውቃለን፤ መጠኑንና ሰዓቱን ግን የሚነግረን ልኬት ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ሐይቁን፣ የእርሻውን ማሳና የነዋሪውን ቤት ያገናዘበ የማረፊያና የነፍስ አድን ካርታ ይሠራ፤ የአካባቢው ገበሬም ከመነሻው ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ማንኛውም የአየር ላይ ስፖርት ሲጀመር እያንዳንዱ አደጋና «ለጥቂት የዳነ» ሁሉ ለማንም ክፍት በሆነ መዝገብ ይጻፍ።

ሦስቱም ሥራዎች ለማስተርስ ጥናት የሚበቁ ርእሶች ናቸው፤ ከቴርሞሜትር፣ ከባሮሜትርና ከነፋስ መለኪያ የበለጠ ውድ መሣሪያም አይጠይቁም። ከወንጪ አፋፍ የመጀመሪያው ዘላይ ማን እንደሚሆን አላውቅም። ያ ሰው ከመዝለሉ በፊት እጁ ላይ የእኛ ሰንጠረዥ እንዲኖር ግን እመኛለሁ።