ልደታችሁን ቤታችሁ አክብሩ

ልደትን፣ ምረቃን፣ አንዳንዴም የሰርግ ማግስትን ሕፃናት ማሳደጊያ ሄዶ ማክበር የደግነት ማሳያ ከሆነ ሰነባብቷል። በዓል ሲቃረብማ ተራ የሚያስጠብቅ ነው። ድፎ ዳቦ፣ ኬክ፣ ለስላሳ፣ ደህና ቀን ከሆነም በግ ተጭኖ ይመጣል። ልጆቹ ታጥበው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ በቁመታቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ስሙን ለማያውቁት ሰው «መልካም ልደት» ይዘምራሉ። ማታ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ይለቀቃል፤ ከሥሩ «ተባረኩ» ይጎርፋል።

ቅን ልብ ያላቸው ሰዎች የሚያደርጉት ነገር በመሆኑ ማንም ደፍሮ ሲነቅፈው አይሰማም። እኔ ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል እላለሁ። ልግስናችን የሚፈሰው ወደ ማሳደጊያው ግቢ ነው፤ ግቢው በጠገበ ቁጥር ልጁን ወደ ቤተሰብ የሚያወጣው ሥራ ይረሳል።

በእነዚህ ጉብኝቶች ላይ ሁሌም የምትታይ አንዲት ልጅ አለች። ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሮጣ መጥታ አይታት የማታውቃትን ሴት እግር ታቅፋለች፤ «ማሚ» ትላለች። እንግዳዋ እንባዋን እየጠረገች «ወዲያው ወደደችኝ!» ትላለች። እናት ያሳደገቻት የሦስት ዓመት ልጅ እኮ እንግዳ ሲመጣ የእናቷ ቀሚስ ሥር ነው የምትደበቀው። ያገኘችውን ሁሉ የምታቅፍ ልጅ «የኔ» የምትለው ሰው ስላጣች ሊሆን ይችላል። በማሳደጊያ ያደጉ ሕፃናትን ያጠኑ ባለሙያዎች ይህን ጠባይ ለይተው ያውቁታል። ሩማኒያ ቡካሬስት ውስጥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በተጀመረ ጥናት 136 የማሳደጊያ ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ የአደራ ቤተሰብ ተፈልጎላቸው ወጡ። የወጡት በአእምሮ ዕድገትም ሆነ ከአሳዳጊ ጋር በሚፈጥሩት ቁርኝት ከቀሩት በልጠው ተገኙ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት።

ሞግዚቶቹ ክፉ ሆነው አይደለም። በፈረቃ የሚሠሩ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ጠዋት ያጠበችው ሌላ፣ ማታ የምታስተኛው ሌላ፣ የተሻለ ሥራ ስታገኝ የምትሄደውም ሌላ ናት። ተቋም ደግሞ ልጅን የሚመድበው በዕድሜና በጾታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በክበበ ፀሐይ ማሳደጊያ ያደጉ ጨቅላዎች ከፍ ሲሉ ሴቶቹ ወደ ቀጨኔ፣ ወንዶቹ ወደ ኮልፌ ይሄዳሉ። ወንድምና እኅት ከሆኑ አስቡት።

ዋናው ፈተና ግን 18 ዓመት ሲሞላ ይመጣል። ወጣቱ በርበሬ በስንት እንደሚገዛ አያውቅም፤ ቤት ተከራይቶ፣ ለቅሶ ደርሶ አያውቅም። ሥራ ሲያገኝ «ዋስ አምጣ» ይባላል። ዋስ ከየት ያምጣ? ሚስት ሲያጭ ሽማግሌ የሚልከው ማንን ነው? በእኛ አገር ሰው የሚቆመው በዘመድ ነው፤ ማሳደጊያው ደግሞ ዳቦም ትምህርትም ሰጥቶት ዘመድ ሳይሰጠው ይሸኘዋል።

ልጅን በግቢ የማሳደግ ፍቅራችን የቆየ ነው። ደርግ በሶማሊያ ጦርነት ለወደቁ ወታደሮች ልጆች አላጌ ላይ ሕፃናት አምባን አቋቁሞ የአብዮት ልጆች ብሎ አሳደገ። ከዚያ ተራው የውጭ ማደጎ ሆነ፤ በፈረንጆቹ 2010 ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ወደ አሜሪካ ተሸኙ። ወላጅ እያላቸው እንደሌላቸው ተደርገው የሄዱ እንደነበሩ፣ በማደጎ ወላጆቻቸው እጅ የሞቱም እንዳሉ ሲሰማ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. በሩን ዘጋ። መዘጋቱን ደግፌያለሁ። ነገር ግን ወደ ውጭ የሚያስወጣው በር ሲዘጋ ወደ አገር ቤተሰብ የሚያስገባው በሰፊው መከፈት ነበረበት፤ አልተከፈተም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 መንግሥት ወላጅ አልባ ልጆች በማደጎ የሚያድጉበትን ሥርዓት የሚያመቻቹ ተቋማት እንዲመሠረቱ ያበረታታል ይላል፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም ለማደጎ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል። የአደራ ቤተሰብ፣ ማለትም ልጁ ወደ ወላጆቹ ወይም ወደ ቋሚ ማደጎ እስኪሻገር ተቀብሎ የሚያሳድገው ቤት፣ በዚያ ሕግ ውስጥ ቦታ የለውም፤ በመመሪያ ደረጃ ነው የተያዘው።

«የሰው ልጅ ወስዶ ሠራተኛ የሚያደርግ ሞልቷል» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው። «ላስተምራት» ተብላ ከገጠር መጥታ ሰሃን ስታጥብ ያደገች ልጅ በየሰፈሩ አለች። ሆኖም እሷን የወሰዳት ሰው አልፈረመም፣ ማንም መጥቶ አልጠየቃትም። የአደራ ቤተሰብ የሚመረጠው ተጠንቶ ነው፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ በየጊዜው ቤቱን ያያል፤ ልጅቷ ከተበደለች ትወሰዳለች። አሜሪካ ውስጥ ልጆች ከአንዱ የአደራ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ መጎዳታቸውም የሚያሳየው ሥርዓቱ ክትትል ካጣ እንደሚበላሽ ነው። ክትትል ባለሙያ ይፈልጋል፤ ባለሙያ ደመወዝ ይፈልጋል። ለዚህ ገንዘብ የለም ስንባል ከርመናል፤ ለኬክና ለአዲስ ሕንፃ ግን መቼም ጠፍቶ አያውቅም።

«ማሳደጊያ ባይኖር የት ይወድቁ ነበር?» የሚሉም አሉ። ለአስቸኳይ ጊዜ መጠለያ እንደሚያስፈልግ አልክድም። ነገር ግን በስማቸው የሚጠራውን የሕፃናት ማሳደጊያ ድርጅት የመሠረቱት፣ ሁላችንም የምናከብራቸው እዳዬ አበበች ጎበና በረሃብ ዘመን ከወሎ ሕፃናት ይዘው ሲመለሱ ያስገቧቸው ወደ ገዛ ቤታቸው ነበር። እኛ ከእሳቸው የወሰድነው ድርጅቱን ነው፤ በራችንን መክፈቱን አልወሰድንም።

ደግሞም በየማሳደጊያው «ወላጅ አልባ» ከምንላቸው ብዙዎቹ አንድ ወላጅ ወይም አያት አላቸው፤ የለያቸው ድህነት ነው። ለአያቲቱ የሚሰጥ የወር ቀለብና የደብተር መግዣ፣ ዘበኛ፣ ወጥ ቤትና ሕንፃ ካለው ግቢ በጣም ይረክሳል። የአደራ ቤተሰብ መመልመል ካስፈለገም እድር አለልን፤ በየወሩ ይሰበሰባል፣ የማን ቤት ሰላም እንዳለው፣ የማን ቤት ዱላ እንደሚበዛው ያውቃል። በመስጊድና በቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ያለ ጥሪ ቢደረግ ሰሚ አያጣም።

መንግሥት የአደራ ቤተሰብን በአዋጅ ደረጃ ያስቀምጠው፤ ለተቀባዩ ቤተሰብ ድጎማ፣ ለክትትሉም ባለሙያ በበጀት ይያዝለት። እኛ ደግሞ ዲያስፖራውን ጨምሮ፣ ለማሳደጊያ አዋጡ ሲሉን አንድ ጥያቄ እናስቀድም፦ ባለፈው ዓመት ስንት ልጆችን ወደ ቤተሰብ መለሳችሁ? ለዚህ መልስ የሌለው ድርጅት ብራችን አይገባውም።