ከማጭድ ቀድሞ የሚረግፈው ሰሊጥ

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ስለ ምስጢርና ስለ ቃል ብቻ የተነገረ አይደለም። በሑመራ፣ በመተማና በቋራ ሜዳ በየዓመቱ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ድረስ ይኸው ምሳሌ በሰሊጥ ማሳ ላይ ሲፈጸም ይታያል። ገበሬው አርሶ፣ ዘርቶና አርሞ ካሳደገው ሰሊጥ ውስጥ አንዱ ክፍል ከማጭዱ በፊት፣ ሌላውም ክፍል ከማጭዱ በኋላ መሬት ላይ ይረግፋል። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ፣ በጥቁሩ አፈር ስንጥቅ ውስጥ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ የሚለቅመው ወፍና ጉንዳን እንጂ ሰው አይደለም።

ይህ ነገር የአንድ ወረዳ ገበሬ ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሰሊጥ ወደ ውጭ አገር ከምንልካቸው የቅባት እህሎች ሁሉ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ በማስገኘትም ለብዙ ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ስሙ ሲጠራ ኖሯል። ዋናዋ ገዢ ቻይና ሆና ስትቆይ፣ በእስራኤል ደግሞ የሑመራ ሰሊጥ ለጣሒና ሥራ እየተመረጠ ይገዛል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህም ሰሊጣችን ደረጃ እየወጣለት በሚዛን ይሸጣል። ነገር ግን ሚዛን የሚያውቀው ጆንያ ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። ማሳ ላይ የቀረውን የሚመዝን የለም፤ ያልተመዘነ ነገርም በመዝገብ አይጻፍም፤ በመዝገብ ያልተጻፈውንም የሚጠይቅ ሹም አይገኝም።

ለመሆኑ ሰሊጥ ስለ ምን ይረግፋል? ምክንያቱ በተክሉ ጠባይ ውስጥ ያለ ነው። ሰሊጥ እንደ ስንዴ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይደርስም። ከግንዱ በታች በኩል ያሉት የዘር ከረጢቶች ደርሰው ሲቢጫጩ፣ ጫፉ ገና አበባ ይዞ ይቆያል። አንዱ ከረጢት 70 ያህል ዘር ይይዛል። ሲደርቅም ከአናቱ ጀምሮ በስፌቱ በኩል ይሰነጠቅና አፉን ይከፍታል። ተክሉ ቀጥ ብሎ እስከ ቆመ ድረስ ዘሩ በጽዋ እንዳለ ሆኖ ለጊዜው ይቆያል፤ ነፋስ ወይም የሰው እጅ ሲነካው ግን ይፈሳል። እንግዲህ ገበሬው በሁለት ነገር መካከል ተይዟል። ቀድሞ ቢያጭድ የላይኛው ዘር ሳይሞላ ይቀራል፤ ዘግይቶ ቢያጭድ የታችኛው ይረግፋል።

እዚህ ላይ ሊታሰብ የሚገባው አንድ ነገር አለ። የጥንት ገበሬዎች ስንዴውንና ገብሱን በብዙ ሺህ ዓመት ምርጫ ዘሩን እንዳይበትን አድርገው አልምደውታል። ሰሊጥን ግን እንደ ተፈጥሮው ተዉት። ይህም ከስንፍና የመጣ አይመስለንም። ሰሊጥ የሚወቃው ነዶው ተዘቅዝቆ፣ ሸራ ላይ እየተራገፈና በዱላ እየተመታ ነው። ከረጢቱ አፉን ባይከፍት ኖሮ ያን ደቃቅ ዘር በእጅ ማውጣት ከባድ መከራ በሆነ ነበር። ስለዚህ በማሳ ላይ ጠላት የሆነው ጠባይ በአውድማ ላይ ወዳጅ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው ጉልበት ነው። በቆላው ሰፋፊ እርሻ ብዙ መቶ ሄክታር በአንድ ሳምንት ይደርሳል። አጫጁ ግን ከደጋው፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው አንድ ሳምንት ቢዘገይ ወይም መንገድ ቢዘጋበት ሰሊጡ አይጠብቀውም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜን ጦርነት ሲጀመር ጊዜው የሰሊጥ አጨዳና ውቂያ ነበር፤ ሑመራም ውጊያው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከደረሰባቸው ስፍራዎች አንዷ ነበረች። ሌላ ሰብል ሰላም እስኪመጣ ቆሞ ቢጠብቅ እንኳ ሰሊጥ ግን ያን ያህል ትዕግሥት የለውም።

የሚጠፋው ስንት ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱን ለማግኘት የላቀ መሣሪያ አያስፈልግም። ከአንድ ሜትር ገመድና ከትዕግሥት በቀር የሚጠየቅ ነገር የለም። ሺህ የሰሊጥ ዘር 3 ግራም ያህል ይመዝናል። እንዲህ ከሆነ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 33 ዘር ወድቆ ቢገኝ ከአንድ ሄክታር 1 ኪሎ ጠፋ ማለት ነው። በየካሬ ሜትሩ 50 ከረጢት ባዶውን ቢቀር ደግሞ የጠፋው ከሄክታሩ 1 ኩንታል ይሆናል። አንድ ሄክታር ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኩንታል በሚሰጥበት አገር አንድ ኩንታል ቀላል ነገር አይደለም። እርሻው ሲታረስ፣ ሲታረምና ሲታጨድ ወጪው ሁሉ ተከፍሎበታልና፤ የጠፋው ኩንታል ከትርፉ የሚቀነስ ነው።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ ብለን ብንጠይቅ ሁለት ምሳሌ እናገኛለን። ካናዳ ከኛው ጎመን ዘር ጋር የሚዛመድ የቅባት እህል በሰፊው ታመርታለች። የእርሱም ከረጢት እንዲሁ እየተከፈተ ስለሚያስቸግር ገበሬዎቹ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አጭደው በረድፍ ያስተኙት ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2014 ወዲህ ግን ከረጢቱ በቀላሉ የማይከፈት ዲቃላ ዘር ገበያ ላይ ስለ ወጣ፣ ብዙዎቹ ቆሞ እንዲደርቅ ትተው በኮምባይነር አንድ ጊዜ ይሰበስቡታል። በሰሊጥ በኩል ደግሞ ዴራልድ ላንግሐም የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1943 በቬኔዙዌላ ከረጢቱ የማይከፈት ሰሊጥ አገኘ። ደስታው ግን ሙሉ አልሆነም፤ ዘሩን ለማውጣት በኃይል ሲወቃ እህሉ ይሰበር ነበር። ከረጢቱ በልክ ተከፍቶ ዘሩን ይዞ የሚቆይ፣ ለኮምባይነርም የሚመች ሰሊጥ በአሜሪካ ቴክሳስ ለማግኘት ከዚያ በኋላ የብዙ ዓሥርት ዓመታት ድካም ጠይቋል።

እንግዲህ ያንን ዘር አምጥተን ብንዘራስ ነገሩ አያልቅምን? የሚል ወጣት አይጠፋም። እኛ ግን አያልቅም እንላለን። የሑመራን ሰሊጥ ገዢ የሚፈልገው በንጣቱና በጣዕሙ ነው፤ ይህን የሚያስለቅቅ ዘር ኪሎ ቢጨምርም ዋጋ ይቀንሳል። ደግሞም ኮምባይነር ለባለ ብዙ ሄክታሩ እንጂ ለባለ ሁለት ሄክታሩ አይደርሰውም። ከሁሉም በላይ የአጨዳው ደመወዝ በደጋ ላለው ድኻ ቤተሰብ የዓመት ልብስና የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ መሆኑን መርሳት አይገባም። ስለዚህ ተመራማሪዎቻችን እንደ ሰቲት 1 እና ሑመራ 1 ያሉትን የአገራችንን ዝርያዎች፣ ጣዕማቸውና ንጣታቸው ሳይነካ የመርገፍ ጠባያቸው እንዲቀንስ አድርገው ማሻሻል ይገባቸዋል። ይህ የረጅም ጊዜ ሥራ ነውና በአንድ በጀት ዓመት ውጤት መጠበቅ ከንቱ ነው።

እስከዚያው ድረስ የሚደረግ ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። የታችኞቹ ከረጢቶች መቢጨት ሲጀምሩ፣ አንዱም አፉን ሳይከፍት ማጨድ፤ አጨዳውን ጤዛው ሳይደርቅ በማለዳ መጀመር፤ ማሳውን ከፋፍሎ ቀድሞ የደረሰውን አስቀድሞ ማንሣት፤ ነዶውን አነስ አድርጎ አስሮ ራሱን ወደ ላይ ማቆም፤ ሂላው ከሚቆምበት ሥር ሸራ ማንጠፍ፤ ነዶውን ያለ ምክንያት ከቦታ ወደ ቦታ አለማንቀሳቀስ፤ እነዚህ ሁሉ በእጃችን ያሉ ናቸው። በሂላው ሥር ተደብቆ ዘሩን የሚመጠውንም ተባይ መጠበቅ ያስፈልጋል። ለሠራተኛው ደግሞ መጠለያ፣ ንጹሕ ውሃ፣ አጎበርና የሕክምና ጣቢያ አስቀድሞ ቢዘጋጅለት በጊዜው ይመጣል። በዚያ ቆላ የወባና የካላ አዛር በሽታ መኖሩን እያወቀ ሰው ያለ ምንም ዝግጅት የሚጠራ ባለ እርሻ፣ ሰሊጡ ቢረግፍበት ሊደነቅ አይገባውም።

በመጨረሻ ቃላችንን የምናዞረው ወደ እኛው ወደ ወጣቶቹ ነው። በትምህርት ቤት ሳለን ምርት እንዴት እንደሚጨመር ብዙ ተምረናል፤ የተመረተው እንዴት እንደማይጠፋ ግን የተማርነው ጥቂት ነው። ሥራ ከያዝንም በኋላ የምንጽፈው መግለጫ ስንት ሄክታር ተዘራ፣ ስንት ኩንታል ተገኘ የሚል ነው። ስንት ረገፈ የሚል ዓምድ በቅጹ ላይ ቢጨመር ወረቀቱ አይጠብም። በመኸር ጊዜ ወደ ገጠር የሚላክ ወጣት ሹም ከመኪናው ወርዶ፣ አንድ ካሬ ሜትር ለክቶ፣ ተንበርክኮ ዘር ቢቆጥር ክብሩ አይቀንስም። ይልቁንም ከዚያ ማሳ ተነሥቶ የሚጽፈው ቁጥር በጊዜው የደረሰ ቁጥር ይሆናል። ሰሊጡ ከረገፈና ሠራተኛው ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የሚጻፍ መግለጫ ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ከመባል አያመልጥም።